በድምፅ ብልጫ የጸደቀው ማዕዘን

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ደባርቅ ውስጥ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አራት የሒሳብ መምህራን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ለማረም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠናል። የትምህርት ክፍላችን ተጠሪ ትክክለኛ መልሶቹን ከወረቀት ያነባሉ፤ እኛ ቀይ እስክሪብቶ ይዘን እንከተላለን። አነባበባቸው ዳዊት የሚደግሙ ያስመስላቸዋል።

«ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ ስድስት ስኩዌር ሴንቲ ሜትር። ሃያ ሦስት፣ አርባ አምስት ዲግሪ። ሃያ አራት…»

እስክሪብቶዬ ሃያ ሦስት ላይ ቆመ።

ከሰው ጋር በሐሳብ ስለያይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደገና አነበብኩት። አንድ ክብ አለ። ክቡን እኩል ለሁለት የሚከፍለው መስመር፣ ማለትም ዲያሜትሩ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተሰምሯል። ከሁለቱ የዲያሜትሩ ጫፎች የተነሡ መስመሮች ላይኛው የክቡ ጠርዝ ላይ ተገናኝተው ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል። የግራው ማዕዘን ሠላሳ አምስት ዲግሪ ነው፤ የቀኙ ስንት ነው? አማራጮቹ አርባ አምስት፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ አምስትና ስድሳ ናቸው። ስለ ክብ የተማረ ሁሉ ይህን ይፈታዋል። ዲያሜትሩን መሠረት አድርጎ ክቡ ጠርዝ ላይ የሚሠራ ማዕዘን፣ ጠርዙ ላይ የትም ይሁን የት፣ ሁልጊዜ ዘጠና ዲግሪ ነው። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘናት ድምር መቶ ሰማንያ ነው። ከመቶ ሰማንያ ላይ ዘጠናና ሠላሳ አምስት ሲነሣ ሃምሳ አምስት ይቀራል። ሌላ ነገር የለውም።

ከዚያ ሥዕሉን ልብ ብዬ አየሁት፤ አርባ አምስት ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ክብ የተባለው ነገር ክብ አልነበረም። ተጠሪው ከአሮጌ መጽሐፍ ላይ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው፣ ኮምፒውተር ላይ ለጥፈው፣ ገጹን እንዲሞላላቸው ከጎኑ ይዘው ጎትተውታል። ክቡ ወደ ግራና ቀኝ ተለጥጦ፣ ሰው የተቀመጠበት ኳስ መስሏል። ከዚያ ወዲያ ያደረጉትን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የማዕዘን መለኪያ ፕሮትራክተራቸውን አውጥተው፣ በተጎተተው ሥዕል ላይ አስቀምጠው፣ ለክተው፣ አርባ አምስት ብለው ጻፉ።

ተጠሪያችን ደባርቅ ውስጥ ስመ ጥር አስጠኚ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ከዳባትም ከኮሶዬም ተማሪ ይመጣላቸዋል። የሚያስተምሩት ጂኦሜትሪ አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፦ ሥዕል ካለ ለካ፤ ለልኬትህ የሚቀርበውን አማራጭ አክብብ። ማረጋገጫ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ተማሪዎቻቸው ደረት ኪሳቸው ላይ ፕሮትራክተር እንደ ሜዳልያ ሰክተው ዋናውን መንገድ ሲያቋርጡ ሳይ፣ ተራራው ስንት ዲግሪ እንደተንጋደደ እንዲመረምሩ የተሾሙ ይመስሉኛል። የሚያበሽቀው ደግሞ ዘዴው ብዙ ጊዜ መሥራቱ ነው። የመጽሐፍ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ በልኩ ስለሚሣል የለካ ልጅ ያልፋል። ለምን እንዳለፈ ሳያውቅ ያልፋል፣ ሳያውቅ ይመረቃል፤ ከዚያም ምናልባት ተመልሶ መጥቶ ተጠሪ ይሆናል።

እጄን አወጣሁ። በእኛ ስብስብ ለመናገር እጅ የማወጣው እኔ ብቻ ነኝ፤ ወንዶቹ ሲያሻቸው ይናገራሉ።

«ሃያ ሦስት ሃምሳ አምስት አይሆንም?» አልኩ።

«አርባ አምስት» አሉ ተጠሪው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ።

«ዲያሜትር ስለሆነ የላይኛው ማዕዘን ዘጠና ነው።»

«እህቴ፣ ለክተሽዋል?»

«አልለካሁትም። የሚለካ ጥያቄ አይደለም።»

«ይኸውላችሁ» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። «ዩኒቨርሲቲ የማይለካ ነገር አስተምሮ ይልክልናል።»

ሳቁ። ጡረታቸው የተቃረበው አዛውንቱ መምህር ሳቁ። ጎንደር አብሮኝ የተማረው ወጣት መምህርም ሳቀ። የከፋኝ የእሱ ነው። ይህንኑ ቲዎረም ለክፍላችን ሰሌዳ ላይ ወጥቶ በሦስት መንገድ ያረጋገጠ ልጅ ነበር፤ ያን ቀን አጨብጭበንለታል።

ነገሩ የእኔ ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ዝምታ እችልበታለሁ። ግን ፈተናው ለልዩ ክፍል መምረጫ ነበር። ማለፊያውን ያገኙ ተማሪዎች እስከ አገር አቀፉ ፈተና ድረስ ግቢ ውስጥ እያደሩ፣ ምሳና እራታቸውን እየበሉ ይማራሉ። ከተፈታኞቹ አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። ከደረስጌ መጥታ እኔ በተከራየሁት ክፍል አብራኝ ትኖራለች። አባቷ ልጃቸው እንድትማር የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ስንቅ ከደረስጌ እያመላለሱ መቀጠል አልቻሉም። ከእኔ ጋር ትብላ ብላቸው «አንቺም ገና ጀማሪ ነሽ፤ ሸክም አንሆንብሽም» ብለው እምቢ አሉ። ቃላቸው አጭር ነበር፦ ልዩ ክፍል ከገባች ትቆያለች፤ ካልገባች አብራቸው ትመለሳለች። በዚያ ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ በር ውጪ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ዓርብ ጠዋት ወደ አገራቸው በሚሄደው መኪና ሊሳፈሩ ነው፤ ወይ ብቻቸውን፣ ወይ ከልጃቸው ጋር።

የእሷን ወረቀት አልነካሁትም። ዘመዷ አረመችላት እንዳይባል እሽጉ ሲከፋፈል ለወጣቱ መምህር አሳለፍኩት። ውጤቱ ሲደመር ግን ሰማሁ። ማለፊያው አርባ ነው፤ እሷ ሠላሳ ዘጠኝ አመጣች። ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሃምሳ አምስትን አክብባ፣ ከጎኑ በእርሳስ «ዲያሜትር ስለሆነ» ብላ ጽፋለች። ከላዩ የወጣቱ መምህር ቀይ ኤክስ ተጋድሟል።

እንደገና እጄን አወጣሁ። በዚህ ጊዜ ተጠሪው ወረቀቱን ተቀብለው ስሙን አነበቡና ፈገግ አሉ።

«እንዲህ ነው እንጂ ነገሩ። ያንቺ ልጅ ናታ! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።»

«ልጅቷን ይተዉአት። ማዕዘኑን ይዩት።»

«ማዕዘኑን አይቼዋለሁ፤ ዘመዱም አይደለሁም» አሉ። አዛውንቱ መምህር እስኪያስላቸው ሳቁ።

ክርክሩ ስላልበረደ ርዕሰ መምህሩ ተጠራ። እሱ በሰውነት ማጎልመሻ የተመረቀ፣ ገና ጎልማሳ ሰው ነው። ቱታውን እንደለበሰ መጥቶ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠ። ነገሩ ደንብ ይዞ እንዲሄድ ስብሰባ ተብሎ ተሰየመ፤ ቃለ ጉባኤው ፊቴ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ ሁልጊዜ የምይዘው እኔ ነኝ። ሴት ስለሆንሽ ነው ያለኝ የለም፤ ጽሕፈትሽ ያምራል ነው የሚሉት።

«እኔ የስፖርት ሰው ነኝ» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ማዕዘን የእናንተ ነው። ተወያዩና አንድ ነገር ላይ ድረሱ።»

ተጠሪው ተነሥተው ፕሮትራክተራቸውን ሥዕሉ ላይ አስቀመጡና በየተራ ለሁላችንም አሳዩ። «አርባ አምስት። ዓይን አለን አይደል?»

«የግራውንም ይለኩት» አልኩ። «ሠላሳ አምስት ነው ተብሎ ተጽፏል። ሲለካ ሠላሳ አምስት ይመጣል?»

እንደማይመጣ አውቅ ነበር። ሥዕሉ ስለተለጠጠ ያኛው ሃያ ስድስት አካባቢ ነው የሚወጣው። ተጠሪው ፕሮትራክተሩን ወደ ግራ ሊወስዱ ጀምረው መለስ አደረጉት።

«የተሰጠ አይለካም» አሉ። «የተሰጠ የተሰጠ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ አሰፈርኩት። አንድ ቀን አንድ ሰው ያነበዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አዛውንቱ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በየሰፈሩ ለሽምግልና የሚጠሩ ሰው ናቸው፤ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ድንበርተኛ አስማምተዋል። ማዕዘኑንም በዚያው ዓይን አዩት።

«ልጄ፣ አንቺ ሃምሳ አምስት አልሽ። እሳቸው አርባ አምስት አሉ። የመሐሉ አሥር ዲግሪ ነው። በአሥር ዲግሪ ሰው አይቀያየምም። አንቺም አምስት ልቀቂ፣ እሳቸውም አምስት ይጨምሩ፤ ሃምሳ ብለነው እንታረቅ። ሃምሳም ከአማራጮቹ ውስጥ አለ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዙሪያውን ሳይ ርዕሰ መምህሩ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል።

«ጋሼ፣ ማዕዘን ይቅርታ አይጠይቅም፣ ካሣም አይቀበልም» አልኳቸው።

«ክፉ አነጋገር ነው» አሉ አዝነው። ከልባቸው ነበር ያዘኑት። አስታርቄ አልታረቅ ያለኝ የመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን አንቺ ያመጣሽው ነው የሚሉ ይመስሉ ነበር።

ተጠሪው እርቁን አልፈለጉም፤ ርዕሰ መምህሩም ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ ድምፅ እንስጥ» አለ። «አርባ አምስት ይሁን የምትሉ?»

የተጠሪው እጅ ወጣ። የአዛውንቱ መምህር እጅ ተከተለ። ወጣቱ መምህር አንዴ እኔን፣ አንዴ ተጠሪውን አየና ክንዱን ከጠረጴዛው አንሥቶ መሐል ላይ አቆመው። ለክቼው ባይሆንም አርባ አምስት ዲግሪ ያህል ነበር። ተቆጠረለት።

«ሦስት ለአንድ» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ይመዝገብ።»

እኔም በሚያምረው ጽሕፈቴ መዘገብኩ፦ የማዕዘኑ መጠን አርባ አምስት ዲግሪ እንዲሆን በድምፅ ብልጫ ተወስኗል። ፊርማ ሲሰበሰብ ማንም ደግሞ አላነበበውም።

ኮሪደሩ ላይ ወጣቱ መምህር ተከተለኝ። «ሃምሳ አምስት እንደሆነ አውቃለሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ያ እጅ የማን ነበር?»

«ቅዳሜ የሚያስጠኑበትን አንዱን ክፍል ሊለቁልኝ ነው» አለ። «ደግሞ ብዙም አላነሣሁትም» አለኝ።

በሩ ላይ የአክስቴ ባል ከድንጋዩ ተነሡልኝ። ታላቅ ሆነው ሳለ ለእኔ መነሣታቸው ሁልጊዜ ያሳፍረኛል፤ ለአስተማሪ ነው የሚነሡት።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ። ሊቃውንቱስ ምን አሉ?»

«ነገ ጠዋት ነው የሚለጠፈው።»

«ሠርታ ነበር?»

«ሠርታ ነበር።»

«ከሠራች ምን ያስፈራል» አሉና መልሰው ተቀመጡ። ሊቃውንቱ ሲያስሉ፣ ሲሳሳቁና እጅ ሲቆጥሩ እንደዋሉ መንገር አቃተኝ።

የአክስቴ ልጅ ቤት ስደርስ ልብሷን እያጠበች ነበር። ሰላምታ ሳታስቀድም፣ «እትዬ፣ ሃያ ሦስት ስንት ነው?» አለችኝ።

«ሃምሳ አምስት።»

«እሰይ።»

«በስብሰባ ግን አርባ አምስት ሆኗል።»

የያዘችውን ቀሚስ ሳትጨምቅ ቆመች። አረፋው በክርኗ እየወረደ፣ «እስከ መቼ?» አለችኝ።

በዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ አእምሮ ያለው ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። የተሰጣውን ልብስ ሳይ ገመዱ ላይ ዓይኔ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ገመዱን ከግቢያችን ፈትቼ፣ ጠቅልዬ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ወጣን። ጉሙ ገና አልተነሣም። የስም ዝርዝሩ የሚለጠፈው ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ግጥሚያ ስላለ የእግር ኳስ ሜዳውን መስመር ራሱ በኖራ ያሰምራል። ማንንም አያምንም። ያን ጠዋትም የኖራ ቆርቆሮውን ይዞ ሜዳው ላይ ነበር።

«መምህርት፣ ሜዳዬ ላይ ምን ልትተክይ ነው?» አለ ሁለት የእንጨት ካስማ እጄ ላይ ሲያይ።

ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር ያደርኩት፤ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «ይህ የመሐል ክብ በትክክል ክብ ነው?» ብቻ አልኩት።

ቅር አለው። «መሐሉ ላይ ካስማ ተክዬ፣ በገመድ ዞሬ የሠራሁት ነው። ጣት አይዛነፍም።»

«የሜዳው መሐል መስመር እኩል ለሁለት ይከፍለዋል?»

«እንዴታ።»

መሐል መስመሩ ክቡን የሚያቋርጥባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ካስማዎቹን ተከልኩ። ገመዱን ከአንዱ ካስማ ወደ ሌላው አስሬ ልል አድርጌ ተውኩት። «እርስዎ ክቡ ላይ የፈለጉት ቦታ ይቁሙና ገመዱን እግርዎ ሥር ይያዙት» አልኩት። ያዘው። የአክስቴ ልጅ የተረፈውን ልል ሰብስባ ወጠረችው። ገመዱ ከሁለቱ ካስማዎች መጥቶ እግሩ ሥር ማዕዘን ሠራ። ከፈተናው የተረፈ አንድ ያልተሠራበት የጥያቄ ወረቀት አውጥቼ ጥጉን ማዕዘኑ ላይ አስቀመጥኩ። የወረቀቱ ሁለት ጠርዞች በሁለቱ ገመዶች ላይ ልክክ አሉ።

«የወረቀት ጥግ ዘጠና ዲግሪ ነው» አልኩት።

«እሱንስ አውቃለሁ» አለ። ወደ ግራ ተራመደና ሌላ ቦታ ቆመ። ወረቀቱ እንደገና ልክክ አለ። ከዚያ ሊያሸንፈኝ የፈለገ ይመስል ከአንደኛው ካስማ አጠገብ ሮጦ ቆመ። አሁንም ያው።

«የትም ብቆም ነው?»

«የትም ቢቆሙ። ክብ እስከሆነ ድረስ።»

ወረቀቱን ገልብጬ የሃያ ሦስተኛውን ጥያቄ ሥዕል አሳየሁት። አጎንብሶ አየው።

«ይህማ የተነፈሰ ኳስ ነው» አለ። «በዚህ ማን ይጫወታል?»

ተጠሪው በዚህ መሐል ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዝርዝሩን በእጃቸው ይዘው ደረሱ። የቆምንበትን አዩና፣ «ሜዳና ፈተና ምን አገናኘው?» አሉ። «ሜዳው ክብ ላይሆን ይችላል።»

ርዕሰ መምህሩ ቀና አለ። «ክቤን ነው የሚጠረጥሩት?»

ተጠሪው ከልማድ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ፕሮትራክተራቸውን አወጡ። መዳፍ የማታክለዋን ፕላስቲክ ይዘው የሜዳውን መሐል ክብ ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት። ከየት እንደሚጀምሩ አላወቁም። መልሰው ከተቷት።

ቲዎረሙ ያን ጠዋት ማንንም አላሳመነም። ርዕሰ መምህሩን ያሳመነው የኖራ ክቡ ክብር ነው። ይሁን፤ እውነት በዚህ አገር በዋናው በር ስትገባ ብዙ አላየሁም።

ደወሉ ሳይደወል አስቸኳይ ስብሰባ ተባለና መምህራኑ ተጠሩ። ቃለ ጉባኤው እንደገና ፊቴ ተቀመጠ።

«ሃምሳ አምስት ይሁን የምትሉ?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ቀድሞም ከፍ ብሎም የወጣው የተጠሪው እጅ ነበር። አዛውንቱ መምህር እጃቸውን እያወጡ፣ «እኔስ ትናንት ሃምሳ ያልኩት ወደዚያው እየሄድኩ ነበር» አሉ። ወጣቱ መምህር ክንዱን ቀጥ አድርጎ ሰቀለው፤ ዘጠና ዲግሪ ሞልቶ።

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? ያንቺው ሐሳብ አልነበረም እንዴ?»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ» አልኩ፤ እጄንም አላወጣሁም። ማዕዘኑ ትናንትም ሃምሳ አምስት ነበር፤ የእኔን እጅ አይጠብቅም። ሦስት ድጋፍ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ ብዬ መዘገብኩና አስፈረምኩ። ጥያቄው በሁሉም ወረቀት ላይ እንደገና ታረመ። ለክተው አርባ አምስትን ያከበቡት አንድ አንድ ነጥብ አጡ፤ ደግነቱ ማንም ከማለፊያው በታች አልወረደም። የአክስቴ ልጅ ነጥብ አርባ ሞላ።

ወደ በሩ ወጣሁ። የአክስቴ ባል መኪናው መጥቶ፣ እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ አገኘኋቸው።

«ብቻዎን ይሂዱ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ሊቃውንቱ ተስማሙ?» አሉኝ።

«ተስማሙ።»

«እግዚአብሔር ይስጣቸው» አሉ። አሜን ማለት ስለከበደኝ መንገድዎ ይቅና አልኳቸው።

ተመልሼ ካስማዎቹን ነቀልኩ፤ ገመዱን ጠቅልዬ በክንዴ እንዳንጠለጠልኩ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔና በክር ክብ ሠራሁ፣ ዲያሜትሩን አሰመርኩ። ገና ሳልዞር ከፊት ወንበር የተቀመጠች ተማሪ ፕሮትራክተሯን ስታወጣ ሰማሁ።

«መልሺው» አልኳት።